ውሃ ያቆመው ሹፌር

ሹፌሩ ሃያ ስድስት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ አንድም ሰው ሳይገጭ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ይህን እሱ ራሱ በቀን ሁለቴ ስለሚያወራው እኛ ባንደግመው ደስ ይለን ነበር፤ ግን ለቲማቲሙ መከራ ምክንያት የሆነው ይኸው ሹፌርነቱ ስለሆነ መነሳቱ ግድ ነው።

ጡረታ እንደወጣ መሬት አማረው። የአባታቸውን ማሳ የምታርሰው ታላቅ እህቱ ናት፤ እትዬ ይላታል። ከልጅነቷ ጀምሮ ከዚያ መሬት ያልተለየች፣ ምላሷ ከማጭዷ የማይተናነስ ሴት ናት። ወንድሟ መሬት ስጪኝ ሲላት መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቋን ስትጨርስ ወደ ወንዙ በኩል ያለውን፣ ሣር ከማጨድ በቀር ነክታው የማታውቀውን ቁራሽ ለየችለት።

"አንድ ወቅት" አለችው። "አንድ ምርት አይሃለሁ። ካበላሸኸው እኔ ራሴ አርሰዋለሁ፤ አንተም ወደ ከተማህ!"

ሚስቱም ብትሆን የልብስ ስፌት ሱቋን ለመዝጋት አልቸኮለችም፤ "መጀመሪያ ቲማቲሙን ልየው" ብላ ከተማ ቀረች። እንግዲህ ለሰውዬው የነበረችው ዕድል ያቺ አንዲት ምርት ብቻ ናት። ፈልጓት ነበር ደግሞ፤ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የሌላ ሰው ንብረት ያልሆነ ነገር በእጁ ይዞ አያውቅም።

የቲማቲም ችግኙን ተከለ፤ ያዘለት። በአምስተኛው ሳምንት ግን ቀትር ላይ ቅጠሉ ጠውልጎ አገኘው። ሹፌር ምን ያደርጋል? ሞተር ሲግል ውሃ ይጨምራል። ከወንዙ ውሃ የሚስበውን ፓምፕ አስነስቶ አጠጣ። አመሻሽ ላይ ቅጠሉ ቀና ሲል ደረቱን ነፋ። በማግስቱ ጠወለገ፤ ደግሞ አጠጣ። ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሲል ከረመና የታችኛው መስመር ቢጫ ሆነ፤ አበባውም መርገፍ ጀመረ። እህቱን ቢጠይቃት "ጠምቶታል፤ ጨምርለት" አለችው። አልዋሸችውም። የሷ መሬት ከላይ በኩል ያለው አሸዋማው ነው፤ ምንም ቢያጠጡት የማይጠግብ። ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቀው ያንን ነው።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ሹፌሩ ከተማ ወርዶ፣ እያስከፈለ የእርሻ ምክር በሚሰጥ አንድ ቢሮ ለወቅቱ ተመዘገበ።

እትዬ ይህን ስትሰማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "ምን ገዛህ?"

"ምክር።"

"የታለ? አሳየኝ እስቲ።"

"ምክር እኮ በጆንያ አይመጣም፣ እትዬ።"

"ላም አለኝ በሰማይ በለኛ! እኔ ሁልጊዜ በነጻ እሰድብህ የለ? ስድቤ ውስጥ እኮ ምክር አለበት።"

አማካሪዋ በሦስተኛው ቀን መጣች። የሹፌሩን የመጀመሪያ ልጅ የምታህል፣ ጭቃ የጠገበ ቦቲ የተጫማች፣ ቁጥብ ልጅ ናት። እሱ መድኃኒት የሞላ ሳጥን ሲጠብቅ እሷ አካፋ ጠየቀችው። ከታችኛው መስመር አንዱን ተክል ከነሥሩ አወጣችና ዘረጋችለት።

"ያሽትቱት፣ ጋሼ።"

አሸተተ። ፊቱን አዞረ። "ምንድነው የሚገማው?"

"ሥሩ ነው። ታፍኖ እየበሰበሰ ነው።"

"ቅጠሉ እኮ ይጠወልጋል! የጠማው አይደል እንዴ የሚጠወልገው?"

"የታፈነ ሥር ውሃ መሐል ቆሞም መጠጣት አይችልም። ይሄ መሬት ጥቁር አፈር ነው፤ የያዘውን ውሃ ቶሎ አይለቅም።" አንድ ስንዝር ቆፍራ እፍኝ አፈር አስጨበጠችው። እጁን ሲከፍት እንደ ሊጥ ተያይዟል። "እንዲህ እስከሆነ ድረስ ጠብታ ውሃ እንዳይነካው። ሲጨብጡት ሲፈረፈር ያኔ ያጠጣሉ። ከታች በኩል ደግሞ የቆመው ውሃ የሚወጣበት ቦይ ይቆፍሩ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

"መድኃኒት?"

"አያስፈልገውም።"

ሹፌሩ ክው አለ። ከጡረታው ቆርሶ የገዛው ነገር "ተው" የሚል ቃል ሆኖ አረፈው። ከአጥሩ ወዲያ አረም የምትነቅል መስላ ጆሮዋን የጣለችው እህቱ ደግሞ ልጅቷ ገና ከመሄዷ ሳቋን ለቀቀችው። "ከፍለህ ቁጭ በል ተባልክ? እኔን ብትጠይቀኝ ወንበርም እጨምርልህ ነበር!"

ቦዩን ሁለት ቀን ቆፈረ። ወገቡ ተቆረጠ። ሦስተኛው ቀን ግን ከቁፋሮው የባሰ ነበር። ቀትር ላይ ማሳው በሙሉ እንደ እርጥብ ጨርቅ ወደቀ። ሹፌሩ ፓምፑ ጋ ሄደ፣ የማስነሻውን ገመድ ጨበጠ፣ ለቀቀ፣ መልሶ ጨበጠ። በመጨረሻ ለአማካሪዋ ደወለ።

"እየሞተብኝ ነው፣ ልጄ!"

"አፈሩን ጨብጠው አዩት?"

"ኧረ እሱን... አላየሁትም።"

"ይጨብጡትና መልሰው ይደውሉልኝ።"

ሄዶ ጨበጠ። ያው ሊጥ ነው። መልሶ ለመደወል አፈረና የፓምፑን ገመድ ፈትቶ ኪሱ ውስጥ ከተተው። እውነቱን እንነጋገር፦ ይህንኑ ቃል አንድ መንገደኛ በነጻ ቢነግረው ኖሮ ሹፌሩ ሳይመሽ ማሳውን ሐይቅ ያደርገው ነበር። እጁን የያዘው የከፈለው ነው። ሰው ከኪሱ ያወጣበትን ነገር ይሰማል፤ ይህ የሚያሳፍር ቢሆንም እንዲሁ ነው።

ሳምንት አለፈ። አፈሩ መፈርፈር ጀመረ፤ ያኔ ገመዱን መልሶ አስሮ አጠጣ፤ ለካ መጠኑን አውቆ ማጠጣት ሌላ ነገር ኖሯል። ቅጠሉ ቀትርን ቀጥ ብሎ መዋል ለመደ፣ ከላይ አዲስ አበባ ብቅ አለ፣ እሱም ፍሬ ያዘ። ሹፌሩ በመስመሮቹ መካከል መዞር ሱስ ሆነበት። ያላማሩት በእህቱ አጥር በኩል ያሉት ሁለት መስመሮች ብቻ ነበሩ፤ ሌላው ሲያገግም እነሱ ጭራሽ ጠቆሩ። ከላይኛው ማሳ ውሃ እየሰረገባቸው ነው ብሎ ገመተ።

አማካሪዋ ለሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ ከመሐል አንድ ተክል ነቅላ ነጭ፣ ክር የመሰለ አዲስ ሥር አሳየችው። እትዬም አጥሩን ተሻግራ መጣች፤ እጇን ወገቧ ላይ አላደረገችም። ልጅቷ ግን ወደ ሁለቱ መስመሮች ስትደርስ ቆመች።

"ጋሼ፣ እነዚህን ማን አጠጣ?"

"ማንም" ሊል አፉን ሲከፍት ዓይኑ ጭቃው ላይ አረፈ። የባልዲ ክብ ምልክት አለ። ከጎኑ ደግሞ የቀኙ ተረከዝ በአንድ በኩል የተበላ የጫማ ዱካ። ያንን ጫማ ያውቀዋል፤ በየቀኑ አጥሩ ሥር ቆሞ ይሳደባል። ደሙ ፈላ። መሬቱን መልሳ ለመውሰድ ብላ ነው? ዞሮ እህቱን አያት፤ መሬት መሬት ታያለች። ታላቅ እህቱን በልጅ ፊት ማዋረድ አልሆንልህ አለው፤ ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብሎ ዋጠው።

"እኔ ነኝ" አለ። "አላስችል ብሎኝ ነው።"

"አትዋሽ!" እትዬ ጮኸች። "እኔ ነኝ ያጠጣሁት። አንተ ሳትነሳ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በባልዲ።" ድምፏ ተሰበረ። "ምን ላድርግ? ቁጭ ብለህ ስታየው ሳይህ አንጀቴን በላኸኝ። ከስረህ ሻንጣህን ይዘህ ስትወጣ ላይህ አልቻልኩም። ቢያንስ ሁለቱን መስመር ላተርፍልህ ብዬ ነው እኮ። ገደልኳቸው፣ አይደል?"

ለካ ያ ሁሉ ስድብ ፍርሃት ኖሯል።

አማካሪዋ ከሞቱት መስመሮች እፍኝ አፈር አንስታ ለእትዬ ሰጠቻት፤ ከመሐሉም ሌላ እፍኝ ጨመረችላት። እትዬ ሁለቱን በሁለት እጇ ጨበጠች። ግራውን ከፈተች፣ ቀኙን ከፈተች፣ ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ስድሳ ዓመት ያረሰችው ሴት እንደ አዲስ ገበሬ አፈር አሸተተች።

"የኔስ?" አለች ልጅቷን። "የላይኛውስ አፈር በስንት ቀን ነው ውሃ የሚፈልገው?"

"እሱን ሳላየው አልነግርዎትም፣ እማማ።"

"እሺ፣ ታይዋለሽ።" እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ ወንድሟን ሳታየው፣ አጥሩን እያየች፣ "በሚቀጥለው ወቅት የኔንም ማሳ ጨምራ ትየው። ክፍያውን ለሁለት እንካፈላለን" አለች።

ሹፌሩ የሰማውን በልቡ ደገመው። በሚቀጥለው ወቅት ብላለች።