ከምርቃቱ ስር የገባ ቤዝ

ጣቢታ ውሻ ትፈራለች፣ መብረቅ ትፈራለች፣ የእናቷንም ዝምታ ትፈራለች። ያን ቅዳሜ ጠዋት ግን ይሄ ሁሉ ተደምሮ ቦጂያን አያክልም ነበር።

ቦጂያ የባንዱ አለቃ ነው። ቡራዩ ተወልዶ ቡራዩ ያደገ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ የብረት በር የሚበይድ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ኪቦርድ እየተጫወተ በየሠርጉ ሰው የሚያስጨፍር። አጭር ነው፤ ሲቆጣ ግን ይረዝማል። ጣቢታን በስልክ ሲያናግራት ነገሩን አላለዘበውም።

«አንድ ሠርግ እሞክርሻለሁ» አላት። «ከሆነልሽ የባንዱ ቤዚስት አንቺ ነሽ። ካልሆነልሽ ግን እንዳትቀየሚኝ፤ ቤዙን በግራ እጄ ኪቦርዱ ላይ እጫወተዋለሁ። ግራ እጄ ደግሞ አይነጫነጭም፣ አያረፍድም፣ ምሳም አይበላም።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጣቢታ በዓለም ላይ አንድ ባላንጣ ነበራት፤ እሱም የቦጂያ ግራ እጅ ነው። ሌሊት በሕልሟ ሳይቀር አምስት ጣት እየመጣ ያሳድዳት ጀመር።

አባቷ ከሆሳዕና መጥቶ ሰበታ ፋብሪካ የገባ ሰው ነው። እሷም ሰበታ አድጋ፣ ቤዝ ጊታርን የተማረችው እዚያው ቤተክርስቲያን ውስጥ፣ ከመዘምራን ጀርባ ቆማ ነው። ሠርግ ላይ ተጫውታ አታውቅም። እናቷ ጥሩዬ ነገሩን ስትሰማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ለዘፈን ነው የምትሄጂው?»

«ለሠርግ ነው እማ። ጌታም ቃና ሠርግ ሄዷል።»

«ሄደ እንጂ ቤዝ አልተጫወተም!» አለች ጥሩዬ። ይሁን እንጂ ሳቋ አመለጣት፤ ሳቋ ካመለጠ ደግሞ ፈቃዱም አብሮ ማምለጡ ነው። «ሂጂ በቃ። ከመጣሽ በኋላ ግን እንዳታለቅሺብኝ።»

ይቺ የመጨረሻዋ ቃል ጣቢታን መንገድ ለመንገድ ተከተለቻት። ታክሲው ላይ ስትወጣ ረዳቱ ረጅሙን ጥቁር ቦርሳ አየና «እህት፣ አስከሬን ነው እንዴ? በኋላ በር ይግባ!» አላት።

«ቤዝ ነው።»

«ቤዝ ደግሞ ምንድነው?»

እውነትም፣ ምን ይባላል? አጠገቧ የተቀመጡ አሮጊት አዘኑላት መሰል «ክራር ነው በይው ልጄ፤ ክራር ሲጎረምስ» አሉ። ታክሲው ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ሆዷ ውስጥ እባብ እየተጠቀለለ ማን ይስቃል።

ቡራዩ ስትደርስ የባንዱ ሚኒባስ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃታል። ዘፋኟ ሮዳስ ጋቢና ተቀምጣ ከንፈሯን ትቀባለች። ከበሮ መቺው ገርባ ከኋላ ከስፒከሮቹ መሀል ተጣጥፎ ሙዝ ይበላል። ሮዳስ ጣቢታን በመስታወት አየቻትና ዞረች።

«ወይኔ፣ ሰው አለ ለካ! እኔ ቤዙ ብቻውን ቆሞ የሚመጣ ነው የመሰለኝ።»

«ተያት» አለ ገርባ ሙዙን እያላመጠ። «አጭር ሰው ለመሬት ቅርብ ነው። ቤዝም የመሬት ነገር ነው።»

ወደ ሱሉልታ ሲወጡ ብርዱ በመስኮቱ ቀዳዳ እየገባ ጣቷን በላት። በመንገዱ ዳር ሯጮች በላብ ተነክረው ያልፋሉ፤ እሷ ሳትሮጥ ነው ላብ ያጠመቃት። ጣቶቿን ብብቷ ስር ከተተቻቸው፤ የደረቀ ጣት ክር ላይ እንደ እንጨት ነው።

ቦጂያ እየነዳ ይመክራታል። «ስሚኝ። የሱሉልታ ሰው ሲጨፍር እግሩ መሬቱን ይጠይቃል። መልሱን የምትሰጪው አንቺ ነሽ። ከፈጠንሽ ታደናቅፊዋለሽ፣ ከዘገየሽ ያንቀላፋል።»

«እሺ።»

«እሺ አትበዪኝ። እሺ ያሉኝ ናቸው ጉድ የሠሩኝ።»

«እ… እንቢ?»

ገርባ ሙዙ ትን አለው።

ሠርጉ የኦቦ ዲሪርሳ ልጅ የደራርቱ ነው። ድንኳኑ ከቤታቸው ጓሮ፣ ገብስ ከታጨደበት መሬት ላይ ተተክሏል፤ ንፋሱ ሸራውን በጥፊ ይመታዋል። ኦቦ ዲሪርሳ ራሳቸው መጥተው «አካም ጅርቱ፣ አካም ጅርቱ» እያሉ የሁሉንም እጅ ጨበጡ። የጣቢታን እጅ ሲይዙ ደንገጥ ብለው «ይቺ ልጅ በረዶ ሆናለች፣ ሻይ ስጧት» አሉ። ሻዩን ሳይበርድ ልትጠጣ ስትቸኩል ግማሹን ጫማዋ ጠጣው።

መጫወት ሲጀምሩ የፈሩት ይደርሳል እንደሚባለው ሆነ። የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ከገርባ ከበሮ ቀድማ ገባች። ሁለተኛው ላይ እንዳትቀድም ስትጠነቀቅ ዘገየች። ሮዳስ እየዘፈነች ዞር ብላ ቅንድቧን አነሳች። ቦጂያ እጁን ዘርግቶ የአምፕሊፋየሯን ድምፅ በትንሹ ቀነሰው። ስድብ ይሻላል! ሰው ሲሰድብህ ቢያንስ አለህ ማለት ነው። ድምፅህን ሲቀንስብህ ግን እየቀበረህ ነው። የቀብሩ አፈር ደግሞ ያ ግራ እጅ ነው፤ ከኪቦርዱ ወፍራም ድምፅ ላይ ሄዶ ጉብ ብሏል።

ከዚያ የሙሽራው ወገኖች ገቡ። እልልታው፣ ግፊያው፣ አቧራው አለፈና ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ ኦቦ ደቻሳ ተነሱ። ኦቦ ደቻሳ የሙሽሪት አያት ወንድም ናቸው፤ በአካባቢው እሳቸው ሳይመርቁ ሙሽራ ከቤት አይወጣም። በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በሌላው እርጥብ ሣር ይዘዋል። ቦጂያ እጁን አነሳ። ባንዱ ጸጥ አለ።

ሽማግሌው በኦሮምኛ ጀመሩ። ድምፃቸው ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ትንሽ ይቆማል፣ ደግሞ ይወርዳል። ጣቢታ ቋንቋውን ከሰፈር ልጆች ለቃቅማ ስለምታውቅ ሰላም፣ ዝናብ፣ ልጅ፣ ከብት የሚሉትን ሰማች። ጸሎት ነው።

እንግዲህ በነጣቢታ ቤተክርስቲያን ጸሎት ሲጀመር ሙዚቃ አይቆምም፤ ዝቅ ይላል እንጂ። ጸሎቱ ከላይ፣ ኪቦርድና ቤዝ ከስር ከስር። ያስተማራት ኪቦርድ ተጫዋቹ ኤልቃና «የሚጸልይን ሰው ብቻውን አትተዪው» ይላት ነበር። እሷም በየእሁዱ፣ በየረቡዑ፣ በየአዳር ጸሎቱ እንዲሁ ስታደርግ ኖራ ጣቶቿ መጠየቅ ትተዋል። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ድምፁን ዝቅ ካደረገ ጣቶቿ ክር ይፈልጋሉ።

ፈለጉም። አገኙም።

ዱም… አለ ቤዙ፣ በጣም ቀስ ብሎ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ዱም…

ኪቦርዱም እንደ ጉም ቀስ ብሎ መጣና በላዩ ተዘረጋ። ልክ እንደ እሁድ። ጣቢታ ዓይኗን ጨፈነች። ከነጋ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዷ ውስጥ ያለው እባብ ተኛላት።

ኦቦ ደቻሳ ቃላቸውን መሀል ላይ ቆረጡት።

ኪቦርዱ ወዲያው ጠፋ፤ ጣት ሲነሳ ድምፁም አብሮ ይነሳል። የቤዝ ክር ግን እንደዚያ አይደለም። አንዴ ከተነካ እስኪደክመው ይንቀጠቀጣል። ዱ…ም…ም… እያለ በዚያ ሁሉ ዝምታ መሀል ብቻውን ሄደ። ጣቢታ ዓይኗን ስትገልጥ ድንኳኑ በሙሉ እሷን ያያል።

«ማሊ ኩን?» አሉ ኦቦ ደቻሳ። ምንድነው ይሄ?

ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። ሮዳስ ጫማዋን ማየት ጀመረች። ቦጂያ ደግሞ ኪቦርዱን ዛሬ ገና እንዳየው ሰው ፈዞ ያየዋል።

«ኮቱ እስቲ፣ ነይ ወደዚህ» አሏት ሽማግሌው።

ጣቢታ ቤዟን እንዳንጠለጠለች ሄደች። ኬብሉን መንቀሏን ረስታ ኖሮ ሦስተኛው እርምጃ ላይ ራሱ ተነቀለና ስፒከሩ ጧ! አለ። አንድ ሕፃን በድንጋጤ አለቀሰ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በደስታ ነበር የምትገባው።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የ… የሰበታ።»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። «ሰበታ ወላድ ናት!» አለ አንዱ።

ኦቦ ደቻሳ አልሳቁም። «እኔ ስመርቅ አንቺ ለምን ታጉረመርሚያለሽ?»

«አባባ፣ እኛ ጋ ሲጸለይ… ስር ስሩን እንጫወታለን። ጸሎቱን እንዲሸከመው ብለን ነው፣ ክቡርነትዎ።»

አሁን ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። በዚያ ሳቅ መሀል ነበር ነገሩ ወለል ያለላት። ቆይ፣ ያ ጉም የመሰለው ድምፅ ከየት መጣ? ኤልቃና እንደሆነ ሰበታ ነው ያለው። ወደ ባንዱ ዞራ ስታይ የቦጂያ ዓይን ከዓይኗ ጋር ተጋጨ፤ ፊቱ ላይ ያለው ቁጣ ሳይሆን ልመና ነው። ቡራዩ ያደገ ልጅ፣ በኦሮምኛ ሲመረቅ የኖረ ልጅ፣ ምርቃት ላይ ኪቦርድ ሲነካ ቢያዝ ምን ይባላል?

ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። እሱም እኮ ነክቷል! ብናገር አሁኑኑ ያልቅልኛል፣ ዝም ብል ቡራዩ ስንደርስ ያልቅልኛል ብላ አሰበች። ቡራዩ ስለሚርቅ ቡራዩን መረጠች።

«ጥፋቱ የኔ ነው አባባ። ይቅር ይበሉኝ።»

ሽማግሌው ትኩር ብለው አዩዋት። «ምርቃት በሽቦ አይሸከሙትም» አሉ። «ሰው ነው የሚሸከመው። እኔ እላለሁ፣ ሕዝቡ ሀ ተኡ ይላል፤ ይሁን ማለት ነው። ካልመለሰልኝ እኔ ብቻውን የሚያወራ እብድ ነኝ። አሁን ደግሞ ቆርጠሽብኛል። የተቆረጠ ምርቃት ከመሀል አይቀጠልም፤ ከሥሩ ነው የሚጀመረው። እዚሁ አጠገቤ ቁሚ። መላሿ አንቺ ነሽ።»

ከሥሩ ጀመሩ። የመጀመሪያውን ቃል ሳይጨርሱ ጣቢታ «ሀ ተኡ!» ብላ ገባችባቸው። ልጆች ተንከተከቱ። በሁለተኛው እስኪጨርሱ ጠበቀች፤ እንዲያውም አብዝታ ጠበቀችና ሕዝቡ ቀደማት። አፏ ደህና ቃል ቢያወጣም ቦታው ላይ አይወድቅም፤ ልክ ጠዋት ጣቷ እንዳደረጋት።

ስለዚህ አፋቸውን ማየት ትታ ትከሻቸውን አየች። ሲተነፍሱ ትከሻቸው ከፍ ይላል፤ ቃሉ ሲያልቅ ከዱላው ጋር ዝቅ ይላል። ዝቅ ሲል፣ እሷም፦

«ሀ ተኡ!»

የድንኳኑ ሰው ድምፅ አብሯት ወደቀ። ሌላ ቃል፣ ሌላ ትከሻ፣ ሀ ተኡ። ዝናቡ በወቅቱ ይዝነብ፣ ሀ ተኡ። ቤታቸው ልጅ አይጣ፣ ሀ ተኡ። መጨረሻ ላይ ድምፅዋ ሻክሮ እንደ ወንድ ሆኖ ነበር። ኦቦ ደቻሳ ከእርጥቡ ሣር ትንሽ ቆንጥረው ጭንቅላቷ ላይ አስቀመጡላትና «ሂጂ፣ አሁን አጉረምርሚ» አሏት። እልልታው ሸራውን ሊነቅለው ደረሰ።

ስትመለስ ቦጂያ ራሱ ጎንበስ ብሎ ኬብሏን ሰካላት። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ እንዴት እንደተጫወተች አታውቀውም። ሰው ጨፍሯል፤ አቧራው ምስክር ነው። አንድ ዘፈን ላይ ደግሞ ሁለት ቦታ ስታለች፤ እሱንም ታውቃለች። ቦጂያ በየዘፈኑ መሀል ያያት ነበር። ዓይኑ ምን እንደሚል ግን ማንበብ አቃታት፤ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ትምህርት አላስተማሯትም።

ጀምበር ሳትጠልቅ ዕቃቸውን ጭነው ወረዱ። ቦጂያ ይነዳል። ጣቢታ ቤዟን አቅፋ ‹አሁን ይናገራል፣ ይሄን ኩርባ ሲያልፍ ይናገራል› ትላለች። ኩርባው ያልፋል፣ እሱ ዝም።

ዝምታውን የሰበረችው ሮዳስ ናት። «ቦጄ፣ የዛሬ ኪቦርድ በራሱ ነው እንዴ የሚጫወተው? አጠገብህ ቆሜ ነበር እኮ።»

ቦጂያ ማርሽ ቀየረ። መቀየር የሚያስፈልገው ቦታ ግን አልነበረም። «ጣቢታ» አለ በመጨረሻ። «ሰምተሻል አይደል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ለምን አልተናገርሽም ታዲያ?»

«ብናገር አንተ ትባረራለህ?»

ገርባ ከስፒከሮቹ መሀል ሳቁን ለቀቀው። ቦጂያ ግን አንገቱ ቀልቷል። «ስንት ሠርግ ተጫውቻለሁ» አለ። «ምርቃት ላይ አንድ ቀን እጄ ተነስቶ አያውቅም። ዛሬ አንቺ ስትጀምሪ ተከትሎሽ ሄደ። እኔን እንኳን ሳያስፈቅደኝ!»

«ይቅርታ።»

«ይቅርታ አትበዪ! እኔ እኮ…» ጥሩንባ ነፋ፤ መንገዱ ላይ ማንም የለም። «አለቃ የሚያስከትል ቤዚስት ምን ይደረጋል? በሚቀጥለው ቅዳሜ ቡራዩ ሠርግ አለ፤ ትመጫለሽ። ግን ምርቃት ሲጀመር ሁለቱንም እጅሽን ኪስሽ ትከቺያቸዋለሽ።»

«ቀሚሴ ኪስ የለውም።»

«አሰፊያ!»

ሮዳስ ስትስቅ የተቀባችው ከንፈር እስከ ጉንጯ ደረሰ። ጣቢታም ልትስቅ ጥርሷን ገለጥ አደረገች፤ ወዲያው ግን አንድ ነገር ትዝ አላትና ወደ ፊት ተጠጋች።

«ቦጄ፣ ቡራዩ የሚመርቁት ሽማግሌ ስንት ናቸው?»

«ሦስት።»

እባቡ ሆዷ ውስጥ ቀና አለ።