ሠላሳ አንደኛው ካርቶን

ወደ ልጆች ማሳደጊያው ለገና የሚላኩት አርባ የስጦታ ካርቶኖች ባዶአቸውን ተደርድረው ሳለ፣ የልጆቹ የምስጋና ደብዳቤ መጣ። አርባ ደብዳቤ፣ አንድም ሳይጎድል።

የእድሩ ጸሐፊ ሸዋንዳኝ አንድ በአንድ ማኅተም መትቶ መዝገብ ላይ አሰፈራቸው። «ዘንድሮ ፖስታው ፈጥኗል» ከማለት በቀር ምንም አላለም።

ካርቶን መሙላቱ የእትዬ አመለወርቅ ሥራ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የእድሩ አባላት ከየቤታቸው የሚያመጡትን፣ ክዳኑ የጠፋ ምሳ ዕቃ፣ አንድ እግር ካልሲ፣ የአምና የቀን መቁጠሪያ እየለዩ፣ «ኧረ ይኼ እንኳን ለልጅ ለጠላትም አይሰጥ!» እያሉ ሲበሳጩ ኖረዋል። ዘንድሮ ግን እፎይ አሉ። ደብዳቤው «ስለ ሰማያዊው ሹራብ አመሰግናለሁ» ካለ፣ ሰማያዊ ሹራብ ተፈልጎ ይገባል፣ ክዳኑ ይዘጋል። አንዱ ልጅ ስለ አንድ እግር ካልሲው ከልቡ አመስግኖ ነበርና እሱም ገባለት።

ሠላሳ አንደኛው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«እትዬ አመለወርቅን ስለላካችሁልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እጃቸው ይሞቃል። ሹሩባ ሲሠሩ አያሳምሙም። ያለቀሱት የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ነው። ፈንታነሽ፣ ሁለተኛ ክፍል።»

«አንተ ሸዋንዳኝ! ይኼ የምን ጉድ ነው?»

ሸዋንዳኝ ደብዳቤውን አነበበ፤ ማኅተሙንም አየ።

«ገቢ ሆኗል እኮ፣ እትዬ።»

«ቢሆንስ? እኔ ሹራብ ነኝ?»

«እኔ ምን ላድርግ? ልጅቷ አንዴ አመስግናለች። አሁን እርስዎ ባይሄዱ ያላገኘችውን አገኘሁ ብላ የዋሸች ልትሆን ነው። በሁለተኛ ክፍል ልጅ ላይ እንዲህ ይደረጋል?»

«የበዓል ዶሮዬስ? ገዝቼ አስሬያታለሁ።»

«ማን ሊበላት?»

ከተማ ያለችው የእትዬ አመለወርቅ ልጅ ትናንት ደውላ «ለፋሲካ ይሻላል፣ እማዬ» ብላለች። አምናም ካቻምናም ያለችው ይኼንኑ ነው። እሳቸውም «ምንም አይደል፣ ልጄ» ብለው ስልኩን ዘግተዋል። አሁን ደብዳቤውን ደግመው አነበቡት። ይኼን ሁሉ ዓመት ካርቶን ሲሞሉ ባነሩ ላይ የሚጻፈው የእድሩ ዳኛ ስም ነው፤ በስማቸው ጠርቶ ያመሰገናቸው ይኸው ይኼ የመጀመሪያው ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ አላቸው። ደስ ማለቱ ደግሞ አናደዳቸው።

«በል፣ ዶሮዋን አንተው ብላት» አሉ።

ለሳቸው የሚሆን የፍሪጅ ካርቶን ተገኘ። ሸዋንዳኝ ለአየር ብሎ በቢላዋ ሦስት ቀዳዳ ከፈተለት። እትዬ አመለወርቅ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ማበጠሪያ ይዘው ገቡ። የእድሩ ዳኛ ካርቶኑ ላይ እጃቸውን ጭነው ፎቶ ሲነሡ «እትዬ፣ ትንሽ ዝቅ ይበሉ፣ ጭንቅላትዎ ይታያል» ተባለ። ዝቅ አሉ። ሪባን ታሰረ፣ ተጨበጨበ። ልማድ ሆኖባቸው እሳቸውም ከውስጥ አጨበጨቡ።

መኪናው ግማሽ ቀን ተጓዘ። ከዚያ ካርቶኑ ወረደ፣ መሬት ተቀመጠ፣ ሰዎቹ ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ሪባኑ ተፈታና ክዳኑ ተነሣ። የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ልጅ ቁልቁል አየቻቸው።

«ፈንታነሽ?»

«አቤት።»

«መጣሁልሽ እኮ፣ የኔ እናት።»

ልጅቷ እጇን ሰድዳ ጉንጫቸውን ዳሰሰች። ደስ ብሏት ፈገግ አለች።

«በዓሉ ነገ ነው» አለችና ክዳኑን መልሳ ዘጋችው። ሪባኑንም በጥንቃቄ፣ ሁለት ጊዜ፣ ስትቋጥረው ከውስጥ ይሰማ ነበር።