ሆን ተብሎ የተሳሳተ መስመር

ባሏ በሰሌዳው ግራፍ ላይ ሁለተኛውን መስመር ከኔጌቲቭ አራት ማስነሳት ሲገባው ከፖዘቲቭ አራት አስነሳው። ኋላ ወንበር ላይ ተራዋን የምትጠብቀው መምህርት መስመሩን ወዲያው አወቀችው። ስህተቱ የእሷ ነበር። አስባበት፣ ለፍታበት፣ ተማሪዎች እንዲያርሙት ሆን ብላ ያዘጋጀችው ስህተት።

ባልና ሚስቱ በአንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራሉ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊነት ቦታ ሲለቀቅ ሁለቱም ተወዳደሩ። «ማንም ያሸንፍ ማን፣ ሹመቱ የሚገባው እኛው ቤት ነው» እያለ ሲቀልድ ነበር ባሏ የሰነበተው። ሁለቱም በገምጋሚዎች ፊት፣ በአንድ ርዕስ፣ አንድን ክፍል ማስተማር አለባቸው፦ ሁለት እኩልታዎችን መፍታትና በግራፍ ማሳየት። እሷ የቁም ሳጥኑን በር ሰሌዳ አድርጋ ስትለማመድ፣ እሱ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ተማሪ ሆኖላት ነበር። እንዴት ያለ ጎበዝ ተማሪ ኖሯል!

አሁን ስሌቱ x ሦስት፣ y ሁለት ነው ይላል፤ መስመሮቹ ግን ሌላ ቦታ ተገናኝተዋል። ተማሪዎቹ አጉረመረሙ።

«ቲቸር፣ አይገጥምም!» አለች ፊት የተቀመጠች ልጅ።

«ታዲያ ማንን እንመን? ስሌቱን ወይስ ዓይናችንን?» አለ እሱ።

ቃል በቃል የእሷ ነበር። ቆም የምትልበትን ቦታ እንኳ አልሳተም። ተማሪዎቹ እየተሻሙ ስህተቱን ሲያርሙ ዋናው ገምጋሚ ፈገግ አሉ። እሷን ከንዴት በፊት እፍረት ቀደማት፤ በሰው ፊት ልብሷን የገፈፏት ያህል ተሸማቀቀች።

ጨርሶ ሲመጣ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ለሁለታችንም ብዬ ነው» አላት በሹክሹክታ። «አንቺ መቼም ሌላ አታጪም።»

ሌላ አልነበራትም። ያንኑ ብታስተምር ከባሏ ቀዳች ይሏታል። የኔ ነው እንዳትል፣ ያላት ምስክር እሱ ብቻ ነው።

ተጠራች። ወጥታ ሰሌዳውን ጠረገችና ወደ አእምሮዋ የመጣውን ጻፈች።

x + y = 5
2x + 2y = 10

«ግራፋቸውን ሥሩ» አለች።

ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ በእርሳስ ድምፅ ተሞላ። ቅድም የተናገረችው ልጅ ግራ ተጋብታ ቀና አለች።

«ቲቸር፣ ሁለተኛው አንደኛው ላይ ተደረበብኝ። አንድ መስመር እኮ ናቸው። አንዱን በሁለት አባዝተው ነው ሌላውን ያወጡት።»

«የትኛው ነው ከየትኛው የወጣው?» አለች መምህርቷ።

ባሏ ጫማውን ያያል። ልጅቷ ሰሌዳውን አየች፣ ሥራዋን አየች፣ እርሳሷን ነከስ አደረገች።

«እሱማ በግራፉ አይታወቅም» አለች።

መምህርቷ እንባዋ መጣ፤ ግን አልደበቀችውም።

«ልክ ነሽ፣ አይታወቅም» አለች። «የሚያውቀው የወሰደው ሰው ነው።»

ዋናው ገምጋሚ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ወደ ኋላ ወንበር፣ ወደ ባሏ ዞሩ።