የቦይ ዳር መርዶ

ተሻገር ከቶርንክሊፍ ፓርክ አፓርትመንት ወጥቶ ቤት የገዛ ጊዜ፣ ለሚያውቀው ሰው ሁሉ የተናገረው «ካናል ዳር፣ ታሪካዊ ቪሌጅ ገባን» እያለ ነው። ባለቤቱ ብርሃነሽ ይህንኑ ሸዋ ሮቢት ላሉት እናቷ በስልክ ስትነግራቸው ግን ነገሩ «መንደር ውስጥ፣ ቦይ ዳር፣ አሮጌ ቤት» ሆኖ አረፈው። እማማ ስመኝ ምርር ብለው አለቀሱ። ልጄን ካናዳ ድረስ ወስዶ ቦይ ዳር ጣላት፣ ወባ ሊጨርሳት ነው ብለው ስለት ተሳሉ።

እኔ ቦጋለች እባላለሁ። ከነብርሃነሽ ጋር አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት በር ለበር ኖረናል፤ እኔ አሁንም እዚያው ነኝ። ቦዩን ሄጄ ስላየሁት በእማማ ስመኝ አልፈርድም። ዘለል ብለው የሚሻገሩት የቆመ ውሃ ነው። ሁለት ዳክዬዎች አሉበት፤ አጠገቡም ድሮ ለወፍጮ ቤት ውሃ ያመጣ ነበር የሚል የናስ ጽሑፍ ተተክሏል። ቤቱ መቶ አርባ ዓመቱ ነው፤ ቧንቧውም እንደዚያው። በሩን ቀለም ለመቀባት ኮሚቴ መፍቀድ አለበት። መስኮቱ ታሪካዊ ስለሆነ አይቀየርም፤ ታሪካዊ ብርድ ያስገባል። የእንግዳ መኪና ከአንድ በላይ አይቆምም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጸጥታው! ቅዳሜና እሁድ እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ድረስ ኮሽ ማለት ክልክል ነው። ሠላሳ ዓመት ታክሲ እየነዳ ጡሩምባ ሲነፋ የኖረው ተሻገር፣ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ እንኳ በሹክሹክታ ማውራትና ከበሮ ሲመታ ፊቱን ማጨማደድ ጀመረ።

ባለፈው ኅዳር እማማ ስመኝ ዐረፉ። ብርሃነሽ አልሰማችም። መርዶ ማደራጀት የእኔ ሥራ ነው፤ ማን እንደሾመኝ አላውቅም፣ ግን ሰው በሞተ ቁጥር የሚደወለው ለእኔ ነው። መርዶ ደግሞ በጠዋት ነው የሚነገረው፣ ሰው የሞተባት ሴት ስልኳን ከፍታ የእናቷን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ከሻማ ጋር ከማየቷ በፊት። አርብ ዕለት ለተሻገር ደወልኩለት። ነፍስ ይማር አለ። ከዚያ ስንት ሆነን እንደምንመጣ ጠየቀኝ። አሥራ አራት ነን አልኩት።

«ቦጌ፣ ፓርኪንግ የለም እኮ» አለኝ። «ሦስት ሆናችሁ ኑ። ለቅሶው ደግሞ ከሦስት ሰዓት በኋላ ቢሆን። ባለፈው የልጅ ልጆቼ ስለሳቁ ኮምፕሌይን ተደርጎብናል።»

ደሜ ፈላ። አባቷ የሞቱ ጊዜ ብርሃነሽ ስትጮህ ፎቁ በሙሉ ግልብጥ ብሎ ነው የወጣው። ጎረቤታችን ሳሊሃ ቋንቋችንን ሳትሰማ፣ ሩዝ በድስት ይዛ ገብታ አብራን አልቅሳለች። ለተሻገር አሥራ አራታችንም እንደምንመጣ ነግሬው ስልኩን ዘጋሁበት።

ቅዳሜ ጠዋት መኪኖቻችንን ዋናው መንገድ ላይ ትተን፣ ጥቁር ለብሰን፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን በቦዩ ዳር ተከታትለን ሄድን፤ መንገዱ ከአንድ ሰው በላይ አያሳልፍም። ፊት ፊት የሚመሩን ሽማግሌው ጋሽ ተክለ ማርያም ናቸው። ውሻ የምታናፍስ ፈረንጅ ሴትዮ አስቁማቸው የታሪክ ጉብኝቱ ዛሬ ነው ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ጋሽ ተክለ ማርያም ጆሯቸው እምብዛም ስለሆነ «የስ፣ ታንክ ዩ» አሏት። ሴትዮዋ ደስ ብሏት እስከ ተሻገር በር ድረስ የወፍጮውን ታሪክ ስታስረዳን ሄደች።

ተሻገር በሩን ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ አድርጎ ከፈተ። ለሦስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ነበር። ብርሃነሽ በፒጃማዋ ከደረጃው ወረደች። አሥራ አራት ጥቁር ለባሽ በጠዋት ሳሎኗ ውስጥ ቆሞ ያየች ሴት የሚቀራት፣ ማን እንደሞተ መጠየቅ ብቻ ነው። ጠየቀች።

«ልጄ፣ እማማ ስመኝ ዐርፈዋል» አሉ ጋሽ ተክለ ማርያም። «እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

ከግራና ከቀኝ ደግፈን ያዝናት። አፏን ስትከፍት እኔም ደረቴን ልመታ እጄን አነሳሁ። እሷ ግን በነጠላዬ ጫፍ አፏን አፈነችና ባሏን አየችው።

«ተሻገር፣ ስንት ሰዓት ነው?»

«አሥራ አምስት ደቂቃ ይቀራል» አላት።

እዚህ ላይ ቦጋለች መስኮቱን ከፍታ ጮኸች ብላችሁ ከጠበቃችሁ፣ እኔም ከራሴ የጠበቅሁት ይህንኑ ነበር፤ አፌ አይታማም። አልጮህኩም። አሥራ አራታችንም ጫማችንን በዝግታ አውልቀን ተቀመጥንና የግድግዳውን ሰዓት እናይ ጀመር። ሳሌን ዋጥኩት። አፈርኩ፣ ግን ዋጥኩት። ብርሃነሽ በመካከላችን ከንፈሯን ነክሳ ተቀምጣለች። ውጭ ዳክዬዎቹ እንዳሻቸው ይጮኻሉ።

ሦስት ሰዓት ሲሞላ ተሻገር «አሁን ይቻላል» አለ፤ ዓይኑ ቀልቷል። ሁላችንም ወደ ብርሃነሽ ዞርን። አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ደግማ ከፈተች። ምንም አልወጣም።

«ቦጌ» አለችኝ እጄን ይዛ፣ «ለእናቴ ለቅሶው አልመጣ አለኝ።»