የቲርጻ የታሪክ አስተማሪ

ጃኔልና ሮይስ ልጃቸውን ትምህርት ቤት ሳይልኩ ራሳቸው ሊያስተምሯት ሲወስኑ ሥራውን ተከፋፈሉ። ሒሳቡም፣ ንባቡም፣ ሳይንሱም የጃኔል ሆነ። ታሪክ ብቻ ለሮይስ ቀረ። ሮይስ በምዕራብ ካንሳስ ለገበሬዎቹ ቤት የማሞቂያ ጋዝ የሚያዳርስ የቦቴ ሾፌር ነው። የኮሌጅ ደጅ አልረገጠም፤ ጨዋታ ግን ተሰጥቶታል። ከሰዓት በኋላ ከሥራ ሲገባ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥና የጨው ዕቃውን ዝሆን፣ የዳቦ መክተፊያውን ተራራ አድርጎ የሃኒባልን ጦር ያሻግር ነበር። ቲርጻ ገና የቦቴውን ድምፅ ስትሰማ ጠረጴዛውን ጠርጋ ትጠብቀዋለች። ጃኔል ጀርባዋን ሰጥታ ሰሃን እያጠበች ትሰማለች። ሳቋን እንዳይሰሙባት ቧንቧውን ትከፍተዋለች።

ልጅቷ አሥራ አራት ዓመት ሞላትና ዘጠነኛ ክፍል ልትገባ ሆነ። ከዚህ ወዲያ ያለው አራት ዓመት ኮሌጅ ስታመለክት የሚታይ ነውና እንደ ልጅነቱ በጨው ዕቃ አይታለፍም። ስለዚህ ባልና ሚስት በጸደዩ እንደ ልማዳቸው ዊቺታ ከተማ ወርደው፣ ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች ወደሚሰበሰቡበት የመጻሕፍት ትርኢት ሄዱ።

ጃኔል የምትገዛውን የታሪክ መጽሐፍ ከቤቷ ሳትወጣ ነበር የመረጠችው። ለየዓመቱ አንድ አንድ፣ በጠቅላላው አራት ቅጽ ነው። በቤተ ክርስቲያናቸው ያሉ ቤተሰቦች በሙሉ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በእሱ ነው። የመጀመሪያው ቅጽ ከፍጥረት ይጀምርና ዓለም ስድስት ሺህ ዓመት ገደማ እንደሆናት ይናገራል። አንሥታ ለሮይስ ሰጠችው። ሮይስ እዚያው እንደቆመ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አነበበ። እስኪጨርሰው አልቸኮለም። ከዚያ ዘጋና ከነበረበት መለሰው።

“ምነው፣ ይከብዳታል እንዴ?” አለችው።

“አይ፣ አይከብዳትም።”

“ታዲያስ?”

“ጃኔልዬ፣ ይኼን እኔ ላስተምራት አልችልም።”

“ለምን?”

ዙሪያውን ቃኘ። የሚያውቋቸው ሰዎች በከረጢት መጽሐፍ ተሸክመው ሰላም እያሏቸው ያልፋሉ። “መኪና ውስጥ እንነጋገር” አላት።

መኪና ውስጥ ገብተው ከዊቺታ ወጡ። ግራና ቀኙ ለምለም ስንዴ ነው። ወሬውን ያነሣችው ጃኔል ናት።

“አላምንበትም ልትለኝ ነው?”

“አዎ።”

“ያን ምዕራፍ?”

“ምዕራፉ ብቻ ቢሆንማ ጥሩ ነበር።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“እኔ እንጃ። በአንድ ቀን የሆነ ነገር አይደለም እኮ። ቀስ እያለ ነው ያለቀብኝ። ሦስት ዓመት ሳያልፈው አይቀርም።”

“ሦስት ዓመት ሙሉ እኮ ማዕድ ላይ የምትጸልየው አንተ ነህ።”

“ለእናንተ ብዬ ነው” አላት።

እምነቱን ማጣቱን ጃኔል በዚያች ሰዓት በቅጡ አላሰበችውም። አንጀቷን የቆረጠው ይህ መልስ ነበር። ሦስት ዓመት እጇን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ “አሜን” ሲል እሷ ባሏ አጠገቧ ያለ መስሏት ኖራለች። እሱ ግን ሰው ቤት እንደተጋበዘ እንግዳ የአክብሮቱን ሲያደርስ ነበር። 

ከዚያ ቀን ወዲህ ማዕድ የምትባርከው ጃኔል ሆነች። ቲርጻ በመጀመሪያው ቀን ሁለቱንም እያፈራረቀች አየች።

“አባዬ፣ አንተ ዛሬ ምን ሆነህ ነው?”

“እኔማ ስጸልይ አስረዝማለሁ፤ የቺሊ ወጡ ይቀዘቅዛል” አላት ሮይስ። ልጅቷ ሳቀች። ጃኔል ማንኪያዋን አስቀምጣ መታጠቢያ ቤት ገባች፤ ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች።

ሆኖም ተስፋ አልቆረጠችም። ሰኔን ሐምሌን ሌላ መጽሐፍ ስትፈልግ ከረመች። አንዱ ደረቅ ሆነባት። ሌላው ሃይማኖትን ሁሉ የሞኞች ተረት አድርጎ ያወራል። አንዱ ደግሞ ከጦርነት በቀር ሰው የኖረ አይመስለውም። በመጨረሻ አንድ አገኘች። ይዛው ሮይስ ወዳለበት ጋራዥ ሮጠች።

“ይኼ ከግሪክ ነው የሚጀምረው” አለችው። “ከዚያ በፊት ስለነበረው አንድም ነገር አይልም።”

ሮይስ መጽሐፉን ሳይሆን እሷን አየ። “ሁለት ወር ሙሉ ስትፈልጊ የከረምሽው ይኼን ነው?”

“አዎ።”

እጁ ዘይት ነክቶት ስለነበር በክርኑ ትከሻዋን ገፋ አደረጋት። “ከግሪክ ከሆነ እችላለሁ።”

“ስለዚያኛው ነገር ከጠየቀችህ ግን ወደ እኔ ላካት።”

“እልካታለሁ።”

መስከረም ላይ ጀመሩ። ልጅቷ ስላደገች የጨው ዕቃው ቀርቶ ክርክር ሆነ። አንድ ቀን አቴናን ትይዛለች፣ አንድ ቀን ስፓርታን። ስትሸነፍ “አባዬ፣ አንተ ታጭበረብራለህ” ትለዋለች፤ እሱም “ስፓርታ መቼ ሕግ ታውቃለች” ይላታል። ጃኔል ጀርባዋን ሰጥታ ሰሃን እያጠበች፣ ይኼን ነገር እግዚአብሔር በዘዴ አሳልፎልናል ስትል አሰበች።

ከዕለታት አንድ ቀን ቲርጻ መጽሐፉን ገልብጣ አስቀመጠችው።

“አባዬ፣ ከግሪኮች በፊት ስንት ዓመት አለፈ ትላለህ?”

“እናትሽን ጠይቂያት።”

“የእማዬንማ አውቀዋለሁ። አንተን ነው የጠየቅኩህ።”

 ጃኔል ዞራ አላየችም። ሮይስ እንዳይዋሽ የልጁ ዓይን ያዘው፤ እንዳይናገር የገባው ቃል።

“እኔና እናትሽ እዚህ ላይ አንስማማም” አለ በመጨረሻ። “አልዋሽሽም። ከዚህ በላይ ግን አልናገርም።”

ጃኔል እጇ እንደረጠበ መጥታ መጽሐፉን አነሣች። “ለዛሬ ይበቃል” አለች። ክፉ ቃል አልጨመረችም። በማግስቱ ግን ቨርና ዘንድ ሄደች።

ቨርና በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ስድስት ልጆች ቤታቸው አስተምረዋል፤ አሁን ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የሌሎችን ልጆች ሰብስበው ያስተምራሉ። ጃኔል ነገሩን ሁሉ ዘረገፈችላቸው።

“እህት ቨርና፣ ይኼን በእኔና በእርስዎ መካከል ያድርጉልኝ” ስትል ለመነቻቸው።

“አይዞሽ ልጄ። ልጅቷን ወደ እኔ ላኪያት። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት እውነት አያድርም።”

ማታ ለሮይስ ነገረችው። የጫማውን ክር እየፈታ ሰማት።

“ቆርጠሽ ነው?”

“ምን ላድርግ? የነፍሷ ነገር እኮ ነው።”

“የኔስ ልጅ አይደለችም?”

“ናት። በጣም ስለምትወድህ ነው የፈራሁት።”

ሮይስ አልተከራከረም። ቢከራከራት ኖሮ ይሻላት እንደነበር ለጃኔል የገባት ቆይቶ ነው።

ቲርጻ የዚያን ባለ አራት ቅጽ መጽሐፍ የመጀመሪያውን ቅጽ ይዛ ሐሙስ ሐሙስ ቨርና ዘንድ መሄድ ጀመረች። ፈተናውን ሁሉ ትደፍናለች። እናቷ “በዚህ ሳምንት ምን ተማራችሁ?” ስትላት “እስከ ምዕራፍ ሰባት ደረስን” ትላለች፤ ሌላ የላትም። ቦቴው ሲመጣ ከክፍሏ አትወጣም። ሮይስም ሞተሩን ካጠፋ በኋላ እዚያው ጋቢናው ውስጥ ይቆያል። ጃኔል በመስኮት ታየዋለች፤ እጁን መሪው ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ምግቡን ታሞቃለች፣ ይበርዳል፣ እንደገና ታሞቃለች።

እንዲህ ሆኖ ዓመቱ አለቀ። የአሥረኛ ክፍል መጽሐፍ የሚመረጥበት ወር ሲመጣ ጃኔል ሸክሙን መቻል አቃታት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሮይስ ቡናውን ሲጠጣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

“ታሪኩን አንተ ውሰድ” አለችው። “መጽሐፉንም አንተ ምረጥ። ከፈለግክበት ዘመን ይጀምር።”

“ቨርናስ?”

“ለቨርና እኔ እነግራቸዋለሁ።”

ሮይስ ኩባያውን በሁለት እጁ ያዘ። “መጀመሪያ ልጅቷን ጠይቂያት” አለ። ድምፁ ላይ ግን ዓመት ሙሉ ያልሰማችው ነገር ነበር።

ቲርጻ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ካልሲ ታጥፋለች። ጃኔል ነገረቻት፤ ደስ የሚላት መስሏት ነበር።

“አይ፣ እማዬ።”

“ለምን? ከአባትሽ ጋር እኮ ነው።”

“አውቃለሁ። ግን የማያምን ሰው እንዲያስተምረኝ አልፈልግም” አለች ልጅቷ። ንዴት የለባትም፤ ረጋ ብላ ነው። “ቨርና ነግረውናል። ሐሙስ ሐሙስ ሁላችንም ስሙን ጠርተን እንጸልይለታለን። አንቺ ነሽ አይደል የነገርሻቸው?”

ጃኔል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ይህ የጠየቀችው ሁሉ ነበር። ልጅቷ አምናለች፤ ጸንታለች፤ አንድም ቃል አልዘነጋችም። እናቷ አንድ ካልሲ አንሥታ አጣጠፈችላትና ወጣች።

ሮይስ ደጅ የፒካፑን ዘይት ሊቀይር ከሥሩ ተጋድሟል። እግሯን ሲያይ ጭንቅላቱን ብቅ አደረገ።

“ምን አለች?”

“ሒሳቡ በሚመጣው ዓመት ይከብደኛል አለች። ታሪኩን እዚያው ብቀጥል ይቀለኛል ነው የምትለው።”

ጃኔል መዋሸት አታውቅበትም፤ ስትዋሽ ጆሮዋ ይቀላል። ሮይስ ጆሮዋን አየ።

“ሒሳብ” አለ።

“አዎ።”

“እሺ። እስቲ ያንን ጨርቅ አቀብይኝ።”

አቀበለችው፤ ተመልሶ ገባ። እሷም ጠጠሩ ላይ፣ ከጫማው አጠገብ ተቀመጠች። ከሥር የመፍቻው ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ድምፁ ቆመ።

“ትጸልይልኛለች አይደል?” አለ ከዚያው ሆኖ።

“ማን ነገረህ?”

“የገና በዓል ሰሞን ነው የሰማኋት። በሯ ገርበብ ብሎ ነበር።”

“ምን አልካት?”

“ምን እላታለሁ? ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እስክትጨርስ ሰማኋት።” መፍቻው እንደገና አንድ ዙር ዞረ። “ጥሩ አድርጋ ነው የምትጸልየው፣ ጃኔል። አንድም ክፉ ነገር አላለችም።”

ጃኔል የጫማውን አፍንጫ ያዘች። ሮይስ እግሩን አልሰበሰበም፤ ሥራውንም አላቆመም። ሰኞ ዕለት ለቲርጻ የሐሙስ ትምህርት የዚያን መጽሐፍ ሁለተኛ ቅጽ አዘዘች።