ዳገት ላይ የሚያስል ሞተር

ሽማግሌው ሾፌር ዕድሜያቸውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ የቀረቻቸው አንዲት አሮጌ የቤት መኪና ነበረች። ባለቤታቸው የጉልበት ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ወዲህ ሆስፒታል የሚያመላልሷቸው በእሷ ነው። ሰውየው በመንዳት ነገር ቀልድ አያውቁም። ጎረቤቱ «ጋሼ እርጋታ» ይላቸዋል፤ እሳቸው የሚነዱት አውቶቡስ ላይ እንቅልፍ የወሰደው ተሳፋሪ ሳይነቃ ይደርሳል ይባል ነበርና።

በዚያ ክረምት ታዲያ የመኪናዋ ጠባይ ተለወጠ። መጀመሪያ ቤንዚን አጉል መጠጣት ጀመረች፤ ሳምንቱን የሚያዳርሰው ነዳጅ ገና እኩሌታው ላይ እልም ይላል። ቀጥሎ ጠዋት ሲያስነሷት ማሳል፣ ነዳጅ ሲሰጧት መንፈራገጥ አመጣች። በመጨረሻም አንድ ቀን ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው ዳገት ወገብ ላይ ድርግም ብላ ጠፋች።

ከኋላ የጭነት መኪና ክላክሱን ያምባርቃል። ሾፌሩ ቁልፉን ቢያዞሩ ቢያዞሩ፣ ወይ ፍንክች! ፍሬኑን እንደረገጡ ላብ በጀርባቸው ቁልቁል ወረደ። ባለቤታቸው ቦርሳቸውን እቅፍ አድርገው የበሩን እጀታ ያዙ። በኋላ መንገደኞች ገፍተው ዳር አስያዟቸው።

ወሬው ለልጆቹ ደረሰ። ወንዱ ልጅ በማግስቱ መጣና ገና ከመቀመጡ፣ «አባዬ፣ ባትቆጣኝ አንድ ነገር ልንገርህ» አለ። «ሳታውቀው እግርህን ፍሬኑ ላይ ጣል አድርገህ ነው የምትነዳው። እንደዚያ ሲሆን መኪና ነዳጅ ይበላል፣ ዳገትም ያቅተዋል። ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል? ቁልፉን ለእኔ ስጠኝ፤ እማዬን እኔ አመላልሳታለሁ።»

«መካኒኩ እንደገና ይያት አይደል?»

«አይቷት የለም እንዴ! የሞተሩን ካንዴላ ቀየረ፣ ምንም አላገኘባትም ያልከኝ አንተው ነህ።»

ሽማግሌው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። የፈሩትም ይህንኑ የዕድሜ ነገር ነበር። «እስቲ ትንሽ ጊዜ ስጠኝ» ብቻ አሉ።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሳያያቸው የቆመችው መኪና ውስጥ ይገባሉ። ቀኝ ጫማቸውን ያወልቁና ጣቶቻቸውን ፍሬኑ ላይ ያሳርፋሉ፤ ያነሳሉ። እግራቸው እንደ ድሮው ይታዘዛል። ደግሞ፣ «ይታዘዘኛል የምለው እኔው አይደለሁ? ማን አየልኝ?» ይሉና እንደገና ይሞክራሉ።

ሴቷ ልጃቸው የውሃ ማጣሪያ ድርጅት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። ቅዳሜ ልትጠይቃቸው ስትመጣ በባዶ እግራቸው መሪው ሥር አገኘቻቸው።

«አባዬ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«እግሬን እየመረመርኩ» አሉ። ቀልድ ሊያስመስሉት ፈልገው ነበር።

ልጅቱ አልሳቀችም። ገብታ ከጎናቸው ተቀመጠች። «መኪናዋን መቼ ጀመራት?»

«ዝናቡ ሲገባ። የድሮው ማደያ ለእድሳት ተዘጋና ከሰፈሩ ማደያ መቅዳት ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ መሰለኝ።»

«ኤታኖል፣ ያ የሸንኮራ አልኮል፣ የተቀላቀለበት ነው?»

«የድሮውም የተቀላቀለበት ነበር፤ አልታመመችም።»

«እንግዲያው ከእግርህ በፊት ቤንዚኑን እንመርምረው።»

መካኒኩ ተጠርቶ መጣ፤ ከነዳጅ ታንኩ ሥር ያለውን ቡሎን ፈታና ወለል ብሎ በሚያሳይ ጠርሙስ ቀዳላቸው። ጥላ ሥር አስቀምጠው ጠበቁ። የደፈረሰው ሲረጋ ጠርሙሱ ሁለት ሆነ፤ ከላይ ጥርት ያለ ቤንዚን፣ ከታች ዳመና የመሰለ ሌላ ፈሳሽ።

«ወይ ጉድ!» አለ መካኒኩ። «እኔ ካንዴላ ስቀይር!»

«ኤታኖል ውሃ ይወዳል» አለች ልጅቱ። «ትንሽ ውሃ ከሆነ ተሸክሞት ይሄዳል። ሲበዛበት ግን ከነውሃው ከቤንዚኑ ተለይቶ ይዘቅጣል፤ ሞተሩ ደግሞ የሚስበው ከታች ነው። ኤታኖሉ ብቻ ቢሆን ጉልበቱ ከቤንዚን ስለሚያንስ ትንሽ ተጨማሪ ነዳጅ ያስፈጅሃል እንጂ ዳገት ላይ አይጥልህም። አባዬ፣ መኪናዋ ውሃ ስትጠጣ ነው የከረመችው።»

«እግሬ አይደለማ?»

«እግርህ ምን አጠፋ!»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። ልጅቱም እንዳላየች ሆና ጠርሙሱን ማገላበጥ ያዘች።

ጠርሙሱን ይዘው ወደ ሰፈሩ ማደያ ሄዱ። ኃላፊዋ ስታየው ክው ብላ ቀረች፤ ወዲያው ሽያጭ አስቁማ ጉድጓዱን አስፈተሸች። ከመሬት ሥር ያለው የነዳጅ ጋን ክዳን ተሰንጥቆ ዝናብ ሲያስገባ ከርሟል። ለካስ ሰፈሩ ሁሉ መኪናውን ሲረግም ነበር የሰነበተው።

መካኒኩ ታንኩን አጥቦ፣ ፊልትሮውን ቀይሮ ከሌላ ማደያ ንጹሕ ቤንዚን ሞላባት። በሚቀጥለው የሕክምና ቀን ወንዱ ልጅ ሳይጠራ መጣና ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ሽማግሌው ማርሽ ቀነሱ። መኪናዋ ሳታስል፣ ሳታንገራግር፣ እየዘፈነች ወጣችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ቀስ በል እንጂ!» አሉ ባለቤታቸው። «ደግሞ ታበርሪያት ጀመር!»

«ታበርሪያት» ማለታቸው ራሳቸውን አሳቃቸው፤ ከድንጋጤው ሁሉ ምላሳቸው ተምታቶ ባላቸውን ሴት አድርገዋቸው ነበር። ሦስቱም ሳቁ።

ልጁ ሳቁ ሲበርድለት፣ «አባዬ፣ ይቅር በለኝ» አለ።

«ለእናትህ ሰግተህ ነው፤ ምን ክፋት አለው?» አሉ፤ ወደፊት እያዩ።

ቤት እንደተመለሱ ሽማግሌው ሶፋው ላይ ጋደም ባሉበት እንቅልፍ ጭልጥ አደረጋቸው። ሴቷ ልጅ እንዴት ዋላችሁ ብላ ስትደውል እናትየው ስልኩን አንስተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ተኝቷል፣ ልጄ» አሉ። «እንዴት ያለ እንቅልፍ መሰለሽ!»