ሐላዋ ለሙሽራ

በዚህ በካርቱም ከተማ ልጅን ከጣፋጭ ለመጠበቅ መሞከር ውሃ በወንፊት መቅዳት ነው። እኔ አንዴ ስከለክል አሥር ሰው ይፈቅዳል። ጎረቤቷ ትሰጣለች፣ የሪክሻው ነጂ ይሰጣል፣ የማላውቀው ሽማግሌ መንገድ ላይ ኪሱን ዳብሶ ይሰጣል። "ተዉ፣ ጥርሷ አልቋል" ስል "ሐራም ዓሌኪ፣ ግፍ ነው፣ ልጅ አይደለችም እንዴ!" ይሉኛል። ጨካኟ እኔ ሆኜ አርፋለሁ።

ዮሳቤጥ የታናሽ እህቴ የፋናዬ ልጅ ናት፤ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ ከወንዙ ማዶ፣ ካፉሪ ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ እያደረች ትሠራለች። የምትወጣው አርብ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጅቷ መራመድ ከጀመረች ወዲህ ዴም በሚባለው ሰፈር ከእኔ ጋር ትኖራለች። እኔ የራሴ ልጅ የለኝም። ብትሄድ ይህ አንድ ክፍል ቤት ምን እንደሚመስል ማሰብ አልወድም።

ማሰብ ግን የግድ ሆነ። በክረምት አንድ መንጋጋዋ በስብሶ ሲነቀል ፋናዬ ጣቷን ቀሰረችብኝ። "እትዬ፣ አንድ ጥርስ ከተደገመ አገር ቤት፣ ሸኸዲ፣ እናታችን ጋ ነው የምልካት። አንቺ መከልከል አትችዪም።"

መከልከል አትችዪም! በየአርቡ ከእመቤቷ ቤት አንድ ፌስታል ሙሉ ቸኮሌትና በስቡሳ የሚሉትን ኬክ ተሸክማ የምትመጣው ማን ሆነና? ራሷ ፋናዬ። የአብዬን ወደ እምዬ ይሏል ይሄ ነው። ግን ዋጥ አደረግኩት። ልጇን በሳምንት አንዴ ለምታይ ሴት ምን ይባላል?

አብዮቱ ደግሞ ነገሩን አባሰው። መንግሥት የወደቀ ዕለት መንገዱ ሁሉ እልልታ ነበር፤ ሰው ከሰገነት ላይ ከረሜላ ይበትናል፣ ዮሳቤጥ ቀሚሷን ዘርግታ ስትለቅም ዋለች። ከዚያ ወዲህ ለእሷ ነፃነት ማለት ከረሜላ ነው። የስኳር ጣሳውን ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሳወጣባት፣ ወለሉን በእግሯ እየደበደበች "ሑሪያ! ሰላም! ወ ዓዳላ!" ትላለች። ነፃነት፣ ሰላምና ፍትሕ መጠየቋ ነው። ስቆጣት "ተስቁጥ በስ!" ትለኛለች፤ "ይውደቅ፣ በቃ!" ማለት ነው። መውደቅ ያለብኝ እኔ ነኝ። በገዛ ቤቴ አምባገነን ተብዬ ሰልፍ ተወጣብኝ።

የሽግግሩ መንግሥት ሲመጣ ደግሞ ዝርዝር ገንዘብ ጠፋ። የሰፈራችን ባለሱቅ አብዱልሰላም "ፈካ ማፊ፣ ዝርዝር የለም" እያለ በመልስ ፋንታ ከረሜላ ይሰጠኝ ጀመር። ሳሙና ልግዛ፣ ክብሪት ልግዛ፣ መልሴ ከረሜላ ነው። "አልፈልግም" ስለው ለዮሳቤጥ ያቀብላታል። ከማን ጋር ልጣላ?

አሁን ሥራዬን ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በሥራዬ ስም ነውና። እኔ በየቤቱ እየዞርኩ ሙሽሮችን አዘጋጃለሁ። ሂና እቀባለሁ፣ የገላ ፀጉር አነሣለሁ። ፀጉር የሚነሣው በስኳር ነው። ስኳርና ሎሚ በጥቂት ውሃ ይፈላል፤ ማር መስሎ ሲወፍርና በረድ ሲል በእጅ ይታሻል። ከዚያ እግር ላይ ይለጠፍና ላጥ! ፀጉሩን ከነሥሩ ይዞ ይነሣል። ሱዳኖች ይህን "ሐላዋ" ይሉታል። ከረሜላንም "ሐላዋ" ይሉታል። እኛ ሴቶቹ ለምደነዋል፣ ማንም አይሳሳትም።

ረቡዕ ዕለት ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር አንዲት ሙሽራ ትጠብቀኝ ነበር። ሰልፍ ስለተጠራ፣ ወጣቶቹ ጎማ አቃጥለው መንገዱን ሳይዘጉ መድረስ አለብኝ። በስንት ልመና ያገኘሁትን ስኳር በሙሉ ጠዋት አፈላሁት፣ አሸሁት፣ አድቦልቡዬ ትሪ ላይ ሸፍኜ አስቀመጥኩት።

"ዮሳቤጥ፣ ይህን እንዳትነኪ።"

"ደ ሹኑ? ምንድን ነው?"

"የሙሽራዋ ሐላዋ ነው" ብያት ለዳቦ ልሰለፍ ወጣሁ።

ስመለስ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ልጅ ያለበት ቤት ጸጥ ካለ ደግ ነገር የለም። ትሪው ባዶ ነው። ዮሳቤጥ ከአልጋው ጎን መሬት ላይ ተቀምጣለች። ጣቶቿ እርስ በርስ ተጣብቀዋል፣ ፀጉሯ ጉንጯ ላይ ተለጥፏል፣ አፏ አይከፈትም። እንባዋ ብቻ ይወርዳል።

"ምን አደረግሽ?"

"ምምም።"

"አፍሽን ክፈቺ!"

"ምምምም!"

እንደዚያን ዕለት ተናድጄ አላውቅም። ስኳሩ ሄደ፣ ሙሽራዋ ትጠብቃለች፣ መንገዱ ሊዘጋ ነው፤ እኔ የልጅ መንጋጋ ሳላቅቅ ተቀምጫለሁ። ለብ ያለ ውሃ በማንኪያ በከንፈሯ ጥግ እያንጠባጠብኩ፣ በጣቴ እየፈለቀቅኩ፣ በስንት መከራ አፏ ተከፈተ። ወዲያው ጉንጯን ይዛ ጮኸች። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቀድሞም ጠቆር ያለው የግራ መንጋጋዋ ተፈርክሷል፤ ስባሪው ሐላዋው ላይ ተጣብቆ ወጥቷል። ሁለተኛው ጥርስ! ፋናዬ አርብ ትመጣለች።

"አልነገርኩሽም? አትንኪ አላልኩሽም?" ብዬ አምባረቅኩባት።

እንባዋን ሳትጠርግ መልሳ አምባረቀችብኝ። "አንቺ ኩሉ ዮም፣ ሁልቀን፣ ሐላዋ ለሙሽራ! ሐላዋ ለሐጃ! ለሰው ቤት ሁሉ ትወስጃለሽ! ለእኔ ማፊ! ለእኔ ጥርስ፣ ጥርስ ብቻ!"

ለካ በዚህች ልጅ ዓይን እኔ በየማለዳው ጣፋጭ አብስዬ ለባዕድ ሴቶች የማድል፣ ለእሷ ሲሆን የምነፍግ አክስት ነበርኩ። ደጋግሜ "ሐላዋ ይዤ ልሂድ" ስል በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም ያንን ትሪ አልምረውም ነበር። ይህን ማወቄ ንዴቴን አላበረደልኝም፤ የማሳርፍበት ቦታ አሳጣኝ እንጂ። እሱ ደግሞ ይብሳል።

የጥርስ ሐኪሙ በሰልፉ ምክንያት ዘግቷል። ትቻት እንዳልሄድ ሕመሙ አላስቆም አላስቀምጥ ብሏታል። ቅርንፉድ አስነክሼ፣ እጇን ይዤ ወደ ካርቱም ሁለት በእግር ወጣሁ።

በሩን የከፈተችልን የሙሽራዋ እናት ሐጃ ናት። ባዶ እጄን አይታ "ሐላዋውስ?" አለች። "ስኳር ስጪኝ፣ እዚሁ ላፍላ" አልኳት። ዓይኗን እላዬ ላይ አቆየች፤ የዛሬ ስኳር በወርቅ ነው። ቢሆንም ሰጠችኝ። በሰው ወጥ ቤት፣ በሰው ስኳር፣ አንገቴን ደፍቼ አማሰልኩ። ምድር ብትከፈትልኝ በገባሁ ነበር።

ዮሳቤጥን ግቢው ውስጥ ከሴቶቹ ጋር አስቀመጥኳት። ያበጠ ጉንጯን ሲያዩ "ሚስኪና! ምስኪን!" ተባለ፤ ከየቦርሳው ከረሜላ ወጣ፣ ከየሰሃኑ ብስኩት ተነሣ፣ ጭኗ ሞላ። ከወጥ ቤት ሆኜ "ጥርሷን ነው የታመመችው!" ብዬ ጮህኩ። "ኢንሻላህ ትድናለች" አሉና ጨመሩላት።

ሙሽራዋን ጓዳ አስገብቼ ሥራ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ላጥ ሳደርግ ቤቱ ተናወጠ። እንዲህ ያለች ጯሂ ሙሽራ ገጥማኝ አታውቅም፤ እናቷን ጠራች፣ ነቢዩን ጠራች፣ ሠርጉ ይቅርብኝ አለች። ውጭ ያሉት ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። "ሐላዋ ነው! ሐላዋ እኮ ነው!" ሲባባሉ ይሰማኛል።

ጨርሼ ስወጣ ዮሳቤጥ የውጭው በር ላይ ቆማለች። ከረሜላው በሙሉ ወንበሩ ላይ ቀርቷል። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ያላ ኻልቶ፣ እንሂድ" አለችኝ። ኻልቶ የምትለው አክስቴ ለማለት ነው።

መንገድ ላይ የጎማው ጭስ ዓይን ያቃጥላል። ጉንጯን ደግፋ አጠገቤ ትራመዳለች።

"ኻልቶ፣ ሙሽራዋ ብዙ በላች?"

"ምኑን?"

"ሐላዋውን። ለዚህ ነው የጮኸችው?"

ላስረዳት አፌን ከፈትኩ። ፀጉሩ፣ እግሩ፣ አንድ ስም ለሁለት ነገር... ደከመኝ። ጎህ ሳይቀድ የተነሣሁ ሰው ነኝ።

"አንቺ ስትበዪው አመመሽ?" አልኳት።

አሰበች። "ስበላው ሒሉ ነው፣ ይጣፍጣል። የሚያመው በኋላ ነው።"

"እንግዲህ" አልኩ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚለውን ልጨምርላት ነበር፤ ግን በሬ ምን እንደሆነ በዓረብኛ ልተረጉም ነው፤ ተውኩት።

አርብ ፋናዬ ስትደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ድልድዩ ላይ ፍተሻ ስለነበር አቧራ ለብሳለች፤ ፌስታሏ እጇ ላይ ነው። የዮሳቤጥን ጉንጭ አየችና ሰላምታዋን አቋረጠች።

"ክፈቺ።"

ከፈተች። ፋናዬ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "በቃ" አለች ወደ እኔ ዞራ። "ገዳሪፍ የሚሄድ መኪና አጠያይቃለሁ። ከዚያ ሸኸዲ ቅርብ ነው።"

"እኔ ነኝ ያበላኋት?" አልኩ።

"ማን ነው ታዲያ? ስድስት ቀን ከማን ጋር ናት?"

"አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ! የያዝሽው ፌስታል ምንድን ነው?"

"እሱን እንኳ አላምጣላት?"

መሃላችን ገባች፤ ዮሳቤጥ። "ማማ፣ እኔ ነኝ የበላሁት። ኻልቶ አትንኪ አለችኝ። እኔ በላሁ።"

ከ"ኻልቶ" በቀር ዓረብኛ ሳትቀላቅል እንዲህ ስትናገር ሰምተናት አናውቅም። ፋናዬ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ልጇ ፊት እንባ እየመጣባት መሆኑን አየሁ፤ እጇ እንደ ልማዱ ፌስታሉ ውስጥ ገባ። አንድ ቸኮሌት አወጣች፣ ወረቀቱን ላጠችው። ከአንድ ደቂቃ በፊት ለጥርስ ብላ ልታባርራት ለነበረችው ልጅ!

"ነይ የኔ እናት። ነይ እንኪ።"

ዮሳቤጥ እጆቿን ከጀርባዋ አደረገች። "አልፈልግም።"

"አንዲት ብቻ። ለዛሬ።"

"አልፈልግም ማማ። በኋላ ያማል።"

የፋናዬ እጅ ተዘርግቶ ቀረ። ስለዚህች ቃል ስንት ዓመት ለምኛለሁ፣ ተቆጥቻለሁ፣ ጣሳ ደብቄያለሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቸኮሌቱ ግን በእህቴ ጣቶች መሃል ሲቀልጥ እያየሁ ደስታው ከየት ይምጣ?

"እንግዲያ ምን ይዤ ልምጣ?" አለች። እኔን ትጠይቅ ልጇን አላወቅኩም።

"በጧት ነይ" አለች ዮሳቤጥ።

ፋናዬ ቀና ብላ አየችኝ። አርብ ጧት ቪላው በዘመድ የሚሞላበት፣ ትልልቁ ድስት የሚጣድበት ሰዓት ነው። እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

"በጧት አይለቁኝም" አለች፣ በሹክሹክታ፣ ለእኔ።

ዮሳቤጥ ሰምታለች። ጥቂት አሰበች። "ሸኸዲ ስሄድስ?" አለች። "እዚያ በጧት ትመጫለሽ?"

እናቷ የቀለጠውን ቸኮሌት መልሳ በወረቀቱ ጠቀለለችው። ፋናዬ ስለ ገዳሪፍ መኪና ያን ቀን ዳግመኛ አላነሣችም፤ ከዚያም ወዲህ አላነሣችም።